ሳሙኤል ባይወለድ ኖሮስ?

በአገራችን ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን ከሽማግሌ አፍ የሚሰሙት ምርቃት «ውለዱ፥ ክበዱ» የሚል ነው። ምርቃቱ መልካም ነው። አባቶቻችን ልጅን የቤት በረከትና የእርጅና ምርኩዝ አድርገው ስላዩት፥ ለሚወዱት ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን እንደሚመኙለት አላወቁም። ዳሩ ግን ይኸው ምርቃት ዓመት ሲሞላው ጥያቄ ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው ሐሜት፥ ሰባት ዓመት ሲሞላው ፍርድ ይሆናል። ያን ጊዜ ባልና ሚስቱ ከሰው ሠርግና ከሰው ክርስትና መቅረት ይጀምራሉ፤ ሰው ግን የቀሩበትን ምክንያት ኩራት ነው ይላል።

ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ነገር እኛ ክርስቲያኖች ልጅ ላጡ ባልና ሚስት፥ እንዲሁም የፀነሱት ሳይወለድ ለቀረባቸው የምንሰጠውን ማጽናኛ ነው። ማጽናኛችን ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይወሰዳል፤ ከታሪኮቹም ሁሉ ይልቅ የሐና ታሪክ ይነገራል። እኔም ይህን ታሪክ ብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። አሁን ግን አጣምመን እናነብበው እንደ ነበር አምኛለሁና፥ ስሕተቱን ከራሴ ጀምሬ ልናገር።

እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እንደ ሒሳብ በሰዓቱ ይሰጥ ነበር። ታሪኩን በቃላችን ካጠናን በኋላ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ተብለን ስንጠየቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ ነበረብን። ለሐና ታሪክ የተሰጠን መልስ «አጥብቆ የሚጸልይ የለመነውን ያገኛል» የሚል ነበር። መምህር ከሆንሁ በኋላም ይህንኑ መልስ ሳልመረምር ለሌሎች አስተላለፍሁ፤ እሑድ እሑድ ወጣቶችን ሳስተምር የሐና ትምህርት ሁልጊዜ በሳሙኤል መወለድ ያልቅ ነበር።

በአንዱ እሑድ ከእኔ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት የምታስተምር፥ በዕድሜ የምታንሰኝ አንዲት መምህርት ከሚሰሙት መካከል ነበረች። ካገባች ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር። ሰው ከተበተነ በኋላ ቀረብ ብላ፥ «መምህር፥ ሳሙኤል ባይወለድ ኖሮስ? የሐናን ታሪክ ያስተምሩን ነበር?» አለችኝ። ጥያቄው ስላልገባኝ፥ ወይም ገብቶኝ ስለ ፈራሁት፥ «አይዞሽ እኅቴ፥ እምነት ብቻ ይኑርሽ፤ የሐና አምላክ አንቺንም ያስብሻል» ብዬ መለስሁላት። አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በእሑዱ ትምህርት አላየኋትም።

እንግዲህ ታሪኩን ራሱን እንመልከት። የሚገኘው በመጀመሪያው የሳሙኤል መጽሐፍ መግቢያ ላይ ነው። ሕልቃና ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ ፍናና ልጆች ነበሯት፥ ሐና ግን አልነበራትም። በየዓመቱ ሊሰግዱና ሊሠዉ ወደ ሴሎ ይወጡ ነበር። በዚያ በበዓሉ ማዕድ ላይ ፍናና ሐናን ታስቆጣት ነበር፤ ሐናም ታለቅስ ነበር፥ አትበላምም ነበር። ይህ የሆነው አንድ ቀን አይደለም፤ ዓመት በዓመት ነው። እኛ በግማሽ ሰዓት ትምህርት የምናልፈውን ሐና ስንት ዓመት እንደ ተቀመጠችበት ልብ ማለት ይገባናል። በተለይም ስድቡ የመጣው በአምልኮ ቀን፥ በእግዚአብሔር ቤት አጠገብ መሆኑ ሊያስደነግጠን ይገባል።

ከዚህ በኋላ ባልየው ይናገራል። ሕልቃና ሐናን ይወድዳት ነበር፤ ከመሥዋዕቱም ድርሻዋን ይሰጣት ነበር እንጂ ልጅ የለሽም ብሎ ከማዕዱ አላራቃትም። በዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ስታለቅስ ባየ ጊዜ፥ እኔ ከዐሥር ልጆች አልበልጥብሽምን የሚል ነገር ጠየቃት። በፍቅር የተናገረው ነው፤ ሆኖም በዚህ ንግግሩ የእርስዋን ኀዘን የራሱ ዋጋ መለኪያ አደረገው። እርስዋ ስለ ጐደላት ነገር ታለቅሳለች፤ እርሱ ስለ ራሱ ይጠይቃል። መጽሐፉም ሐና የመለሰችለትን አንድ ቃል እንኳ አይጽፍም። እኔ ይህን ክፍል ሳስተምር «እንዴት ያለ መልካም ባል ነው!» ብዬ አልፌው እሄድ ነበር፤ የሐናን ዝምታ ግን አላየሁትም።

ቀጥሎም ካህኑ ዔሊ ይመጣል። ሐና በልብዋ ስትጸልይ ከንፈርዋ ይንቀሳቀስ ነበር፥ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበርና ካህኑ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። የመጀመሪያው መንፈሳዊ አገልጋይ ለመጀመሪያዋ አልቃሽ የሰጣት ነገር ተግሣጽ መሆኑን መጽሐፉ ሳያፍር ጽፎልናል። ዳሩ ግን ዔሊ ከብዙዎቻችን የሚሻልበት ነገር አለው። እርስዋ ልብዋ ያዘነባት ሴት እንጂ ሰካራም እንዳልሆነች ስትነግረው ሰማት፤ የተናገረውንም ትቶ በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት። ምን እንደ ለመነች እንኳ አልጠየቃትም። በሚመጣው ዓመት ትወልጃለሽ ብሎም ቀን አልቈረጠላትም፤ የእስራኤል አምላክ ልመናዋን እንዲሰጣት ተመኘላት እንጂ።

አሁን እኔ ለብዙ ዓመት ሳላየው ወዳለፍሁት ቦታ ደርሰናል። ሐና ከዚያ ተነሥታ ሄደች፥ በላችም፥ ፊትዋም እንደ ቀድሞው ያዘነ አልነበረም ይላል። ይህ የሆነው ገና ሳትፀንስ ነው። ወደ አገራቸው አልተመለሱም፥ ሳሙኤል አልተወለደም፥ ፍናናም አፍዋን አልዘጋችም፤ ሐና ግን በልታለች። ምናልባት ሰው፥ «የተጽናናችው የለመነችውን እንደምታገኝ ስላመነች ነው» ይል ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት በዓል ሁሉ ያልነበረ፥ በዚያ ቀን ብቻ የተጨመረ ነገር ምንድን ነው? በልብዋ የነበረውን ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች፤ ያልተረዳት ሰውም ሰምቷት ቃሉን አረመ። ይህ ማጽናኛ ከልጁ በፊት የመጣ ስለ ሆነ፥ ልጅ ላላገኘም ሰው ሊሰጥ የሚችል ነው። የእኛ ንባብ ስሕተቱ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማንበባችን ነው። ሳሙኤልን አስቀድመን ስለምናውቀው የሐናን እንባ ወደ ሽልማት የሚያደርስ መንገድ ብቻ አድርገን እናየዋለን።

ከዚህ ንባብ የሚወጣውን ፍሬ በዓይናችን አይተናል። የለመነ ሁሉ ያገኛል ካልን ያላገኘው ሰው ወይ አልለመነም፥ ወይ እምነት ጐድሎታል፥ ወይ ኀጢአት አለበት ማለታችን ነው። በአፋችን ባንናገረውም ሰሚው ሒሳቡን ይሠራዋል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይጓዛል። ልጅ ለማግኘት ተስለው ያገኙ ሰዎች ልጆቻቸውን አቅፈው ስለታቸውን ለማድረስና ክርስትና ለማስነሣት ይመጣሉ። ደስታቸውን ያየ ሰው አብሮ ደስ ሊለው ይገባል፤ እኔም አይቼ ደስ ብሎኛል። በወንጌላውያንም አዳራሽ ልጅ ያገኙት በምስክርነት ሰዓት ቆመው ያመሰግናሉ። ምስጋናው ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያው መንገድ ተጉዘው፥ በዚያው እንባ ተስለው፥ በዚያው አዳራሽ ጾመው ጸልየው ልጅ ያላገኙት የሚቆሙበት ሰዓት የላቸውም። ስለዚህ በጉባኤያችን የሚሰማው የአንደኛው ወገን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚከፋው፥ «በዘጠኝ ወር ውስጥ ትወልጃለሽ» እያሉ በእግዚአብሔር ስም ቀን የሚቈርጡ ሰዎች መኖራቸው ነው። ቀኑ ሲያልፍ ተናጋሪው ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ዕዳውን የምትከፍለው ሴቲቱ ናት።

በዚህ ነገር እኔም ራሴ በደለኛ ነኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ልጃችንን በፀነሰች በስድስተኛው ወር ሕመም ያዛትና ሆስፒታል ወሰድኋት። ልጅቱ ሞታ ተወለደች። ባለቤቴን የተኛችው ሕፃናት በሚያለቅሱበት ክፍል፥ ልጆቻቸውን ከሚያጠቡ እናቶች መካከል ነበር። አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል፤ ገንፎው ይገነፋል፥ አጥሚቱ ይቀርባል፥ አራሷ እንዳይበርዳት ይጠበቃል። ባለቤቴም እንደ ማንኛይቱም ሴት አምጣለች፤ ደምዋም ፈስሷል፥ ጡትዋም ወተት ይዟል። ነገር ግን ገንፎ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው የሰፈራችን እድርም ይህን ሞት ከሞት አልቈጠረውም። ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ሠልስት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን እኔ ወደ ማስተማሪያ ክፍሌ ተመለስሁ።

የመጡት ጥቂት ወዳጆች ደግሞ ያ እኔ ለመምህርቷ የሰጠሁትን ዓይነት ቃል ይዘው መጡ። «ገና ወጣቶች ናችሁ፥ ሌላ ይሰጣችኋል» አሉ። «እናቲቱ መትረፏ ይበቃል» አሉ። «እግዚአብሔር ለበጎ ነው» አሉ። እያንዳንዱ ቃል ከፍቅር የመጣ ነበር፤ እያንዳንዱም ቃል ዝም በሉ የሚል ትርጉም ነበረው። ባለቤቴ ፊትዋን ወደ ግድግዳ አዙራ ትሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ሁለት ወንዶች ልጆች ሰጠን። ሁለተኛው ልጅ በተወለደ ጊዜ በጉባኤ ቆሜ እንድመሰክር ተጠየቅሁና ቆሜ መሰከርሁ። ሁለት ልጆች እንደ ሰጠን ተናገርሁ፤ ጉባኤው እልል አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ መንገድ ላይ፥ «ሦስት አልነበሩም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ የገዛ ልጄን ከታሪኩ አውጥቼ መጨረሻውን ብቻ ተናግሬ ነበር። በጉባኤው ውስጥ ምስክርነቴን የሚሰሙ ልጅ ያጡ ሰዎች እንደ ነበሩም ያን ጊዜ አላሰብሁም።

አሁን ስለ በደልና ስለ ቅጣት የሚባለውን እንይ። ልጅ የማጣት ኀዘን ከኀጢአት የመጣ ቅጣት ነው የሚለው አሳብ በሕዝባችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን ዘካርያስንና ኤልሳቤጥን ሲያስተዋውቀን፥ ልጅ እንዳልነበራቸው ከመናገሩ በፊት ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደ ነበሩ ይነግረናል። ይህን ቅደም ተከተል ያደረገው በከንቱ አይመስለኝም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደውም ሰው ደቀ መዛሙርቱ፥ ኀጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ ጌታችን ከሁለቱም እንዳልሆነ መልሷል። ይህን እያነበበ በባልንጀራው ማሕፀን ላይ የሚፈርድ ክርስቲያን መጽሐፉን ዘግቶታል ማለት ነው።

የሕክምና ዕውቀትም በዚህ ነገር ይረዳናል፤ ወጣቶች ልታውቁት ይገባል። ሐኪሞች መካንነት የሚሉት ባልና ሚስት 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ያለ መከላከያ አብረው ኖረው እርግዝና ሳይገኝ ሲቀር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ ከስድስት ዐዋቂ ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው በአንድ ወቅት ይህ ችግር ያጋጥመዋል። እንግዲህ ስድሳ ባልና ሚስት በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ይህን ኀዘን የቀመሱ ሰዎች የሉም ብሎ ማስተማር አይቻልም። ምክንያቱም ከሴት ብቻ አይደለም፤ ከወንድ ዘር ማነስ ወይም መድከም የሚመጣው ብዙ ነው፥ ከሁለቱም የሚመጣ አለ፥ ምክንያቱ ያልታወቀም አለ። ሆኖም በአገራችን ሐኪም ቤት የምትላከው፥ ፀበል የምትጠመቀው፥ በመጨረሻም የምትፈታው ሚስት ናት። ባል ለመመርመር እንኳ ያፍራል። ሳይመረመር ሌላ ሚስት አግብቶ ከዚያችም ልጅ ያላገኘ ሰው አውቃለሁ።

ስለ ጽንስ መጨንገፍም እንዲሁ ነው። ከታወቁት እርግዝናዎች ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ፤ አብዛኛዎቹም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፉት ግማሽ ያህሉ፥ ከዚያም በላይ፥ ጽንሱ ሲጀመር በክሮሞሶም ቍጥር ላይ በሚደርስ ስሕተት ምክንያት ነው። እናቲቱ እንስራ ስለ ተሸከመች፥ ስለ ደነገጠች፥ ወይም ያማራትን ምግብ ስላላገኘች የመጣ አይደለም። ብዙ ሴቶች ግን ሌሊቱን ሁሉ «ምን አድርጌ ይሆን?» እያሉ ራሳቸውን ሲከስሱ ያድራሉ። ይህን አንድ እውነት በጊዜው የሚነግራት ሰው ያገኘች ሴት ከብዙ ሥቃይ ትድናለች። የሞቱ ሆነው የሚወለዱትም ጥቂቶች አይደሉም፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ ከ28 ሳምንት በኋላ ሞተው የተወለዱት ወደ 1.9 ሚሊዮን እንደሚደርሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ገምተዋል።

ስለ ሕክምናውም ጥቂት ልበል። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ከማሕፀን ውጭ በማዳቀል የመጀመሪያዋ ሕፃን ከተወለደች ወዲህ ብዙዎች በዚህ መንገድ ልጅ አግኝተዋል። በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለዚህ የሚሆን የመንግሥት የሕክምና ማእከል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል። ክርስቲያኖች ስለዚህ ሕክምና አንድ አሳብ የላቸውም፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1987 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው መመሪያ አልፈቀደችውም፥ ለባልና ሚስቱ ኅሊና የሚተዉት ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሕክምናውም ለሁሉ አይሰምርም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄዱትን እምነት የለሾች፥ የማይሄዱትንም ሰነፎች ብሎ መስደብ አይገባም። ጸሎትና ሐኪምም አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይደለም፤ ፀበል የሚጠመቁ ሰዎች መድኃኒታቸውን እንዲያቋርጡ የሚመክር ሰው ግን በሰው ነፍስ ይጫወታል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚጠብቁት ነው። እስከ መጨረሻው ልጅ ያላገኙትስ? በመጽሐፍ ቅዱስ ለእነርሱ ቦታ የለምን? አለ፤ ያውም በእኛ በኢትዮጵያውያን ደጅ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የሕንደኬን ሹም እናውቀዋለን። ክርስትና ወደ አገራችን ጥንት መድረሱን ስንናገር እርሱን ሳናነሣ አንቀርም። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ጃንደረባ መሆኑን እንደ ተራ ነገር እናልፈዋለን። ቃሉ እንደ ተጻፈ ከተወሰደ፥ ሊወልድ የማይችል ሰው ነበር ማለት ነው፤ በጥንቱ ሕግም እንዲህ ያለው ሰው ወደ ጉባኤው አይገባም ነበር። እርሱ ግን ከዚያ ሁሉ አገር ተነሥቶ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄደ። ሲመለስም በሠረገላው ላይ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብብ ነበር። ካነበበበት ክፍል ሦስት ምዕራፍ ያህል አልፎ በዚያው መጽሐፍ ለጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው የተነገረ ተስፋ አለ።

ፊልጶስ ይህን ሰው ባገኘው ጊዜ ያደረገውን ተመልከቱ። ልጅ ይሰጥሃል አላለውም። ሲጠራው ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ጥያቄውን ሰማ፤ ከጠየቀበትም ቦታ ጀምሮ አስተማረው፥ አጠመቀው። ሰውየውም ደስ እያለው መንገዱን ሄደ፤ ያለ ልጅ እንደ መጣ ያለ ልጅ ተመለሰ። እኛ ስም አስጠሪ የሚሆን ልጅ ያልወለደ ሰው ስሙ ይጠፋል እንላለን። የዚህ ሰው መታሰቢያ ግን ይኸው ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በኩራት የምናነሣውም እኛው ነን። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ልጅ የሌላቸውን ሰዎች በጓሮ በር የምናስገባ ከሆነ ከእኛ መካከል ፊተኛ የሆነውን ሰው ረስተነዋል።

አንድ ሰው «ሳሙኤልን ከታሪኩ አውጥተህ ለሰዎች ተስፋ ልታሳጣቸው ነውን?» ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል። አይደለም። ሳሙኤል ተወልዷል፤ ሐናም ስለ እርሱ ዘምራለች፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ልጆች ወልዳለች። ለሚጠብቁት መጸለይ ይገባል፥ እኔም እጸልያለሁ። የምቃወመው ጸሎትን ውል፥ ልጅን የእምነት ደመወዝ ማድረጉን ነው። እንደዚህ ያለው ተስፋ ልጅ በተወለደበት ቤት አያስፈልግም፤ ባልተወለደበት ቤት ደግሞ ክስ ይሆናል። ታዲያ ለማን ይጠቅማል?

ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ ልታደርጉት የምትችሉትን ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። አዲስ ያገቡትን «ምን አለ?» እያላችሁ ወገባቸውን አትመልከቱ፤ ሊነግሯችሁ ሲፈልጉ ይነግሯችኋል። ጽንስ የጨነገፈባትን ሴት እንደ አራስ ቍጠሯት፤ አጥሚት ይዛችሁ ሂዱ፥ ልብሷን እጠቡላት፥ ውኃ ቅዱላት። ባልየውንም አትርሱት፤ እርሱም ልጅ ሞቶበታል፥ ነገር ግን «ሚስትህን አጽናና» ከማለት በቀር የሚናገረው ሰው የለም። ለልጁ ስም አውጥተውለት እንደ ሆነ በስሙ ጥሩት። በዓመቱ ቀኑን አስታውሳችሁ ብትጠይቋቸው ቍስል መቀስቀስ አይምሰላችሁ፤ እነርሱ አልረሱትም። በእድር የምትሰበሰቡ ስትሆኑ፥ ሞቶ የተወለደ ሕፃን ለቅሶ የሚደረስበት ደንብ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሕክምና የሚሄዱ እንደ ሆነ ወጪው ከባድ ነውና በእጃችሁ ያለውን አካፍሉ። ጉዲፈቻ የከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለተራበ ሕፃን ቤት መስጠት እንጂ ለኀዘን የሚለጠፍ መድኃኒት ስላልሆነ፥ ሳትጠየቁ «ለምን አታሳድጉም?» አትበሉ። ስታገቡም እንድመርቃችሁ ብትጠሩኝ፥ «እግዚአብሔር አንድ ያድርጋችሁ፤ ቢወለድላችሁም ባይወለድላችሁም ከእናንተ ጋር ያኑረን» ብዬ እመርቃችኋለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያችን መምህርት ፈልጌ ወደ ቤትዋ ሄድሁ። እርስዋም ጡረታ ወጥታለች፤ ከባልዋ ጋር ይኖራሉ፥ ልጅ አልወለዱም። ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። በመንገድ ላይ ሳለሁ «ያስተማርሻቸው ልጆች ሁሉ ልጆችሽ ናቸው» ልላት አስቤ ነበር፤ ደግሞ ሌላ መሸፈኛ መሆኑ ታየኝና ተውሁት። ያን እሑድ የሰጠኋት መልስ ጥያቄዋን የሸሸ መሆኑን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ «መምህር፥ ያን ቀን መልስ ፈልጌ አልነበረም። አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ በሚቀጥለው እሑድ እመጣ ነበር» አለችኝ። ሁለተኛውንም ቡና አብረን ጠጣን፤ ባልዋም ከውጭ ገብቶ ተቀላቀለን። ስትሸኘኝ ስለ ባለቤቴ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሞተችውም ልጃችን ጠየቀችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎት ሳለ ያስታወሰቻት እርስዋ ነበረች።

እንግዲህ የመምህርነት ዘመኔን ሁሉ «አላውቅም» ማለትን ስፈራ ኖርሁ። ተማሪ ፊት አላውቅም የሚል መምህር የሚዋረድ ይመስለኝ ነበር። እናንተ ግን በዚህ አትምሰሉኝ። ልጅ ያጣ ወዳጃችሁ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፥ የማታውቁትን እንደምታውቁ አድርጋችሁ በእግዚአብሔር ስም አትመልሱ። አላውቅም በሉ፤ ከዚያም በኋላ ተነሥታችሁ አትሂዱ።